ማሽኑን አትቁም ያለው ማን ነው?

ሟቹ ማሽኑ ሥር ተንበርክኮ ተገኘ፤ ቀኝ ክንዱ እስከ ክርኑ ውስጥ ነው። ደሙ ባይኖር የወደቀ ብሎን የሚፈልግ ይመስል ነበር።

መርማሪዋ በሃያ ዓመት ሥራ ሬሳ ማየት መልመድ ያቃታት ሴት ናት። ዞር ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ከዚያ ጠጋ ብላ አየች።

ሰውየው የጣሳ ክዳን ፋብሪካው መካኒክ ነበር። ሠራተኛው «ጋሼ ቁም» ይለዋል፤ እጅ ሲገባ በዐይኑ አይቶ ራሱን የሚያቆም ማሽን የሠራ እሱ ነውና። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር፣ የገዛ ክንዱን አስገብቶ ይፈትነዋል። «የሰው ልጅ እጅ ከመግባቱ በፊት የኔ ይቅደም» ይላል።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ የፈረቃ ኃላፊው። የድሮው ማሽን ሁለት ጣቱን ስለበላበት «ስምንቴ» ይሉታል፤ እሱም ለምዶት ስልኩን በዚያው ስም ያነሳል። «አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስገባ ሞተው አገኘኋቸው።»

«እሳቸው ሁሌ እንዲህ ማልደው ይመጣሉ?»

«ኧረ! ሁሌ ልጃቸው ናት ቀድማ ከፍታ የምትጠብቃቸው። ዛሬ ምን እንዳጣደፋቸው እንጃ።»

የፋብሪካው ባለቤት ከረባቱን ሳያስር ነው የደረሰው።

«ያልኩት ደረሰ! ያ ዐይን በዘይት ጭጋግ እየተታለለ በቀን አርባ ጊዜ ሲያስቆመን ከረመ። ትናንት ደንበኛው ሊጎበኝ ሲመጣ እግዜር ረድቶን አንድ ጊዜም አልቆመ፤ ውል ተፈረመ። ስልሳ ሰው ልቀጥር ነበር እኮ! አሁን ግን ይህን አውጥቼ የድሮውን እመልሳለሁ።»

«ጣት የሚበላውን?»

«እሱ ቢያንስ ጣት ነው የሚበላው።»

ስምንቴ መሬት መሬት አየ።

አርባ ጊዜ የሚቆም ማሽን እንግዳ ሲመጣ ብቻ ጨዋ ሲሆን መርማሪዋ አልተዋጠላትም። የዐይኑን ክዳን አስፈታች። ሁለት ሽቦዎች ተገናኝተው በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለዋል፤ ዐይኑ ቢያይም ማሽኑን ማቆም አይችልም። የናስትሮው ጫፍ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

ከዚያ እግሩ የተሰበረ መነጽሯን ይዛ፣ «እስቲ ይህችን በናስትሮ ጠቅልሉልኝ፣ ዛሬ የማነበው ብዙ ነው» እያለች ሰዎቹን አንድ በአንድ ዞረች። ባለቤቱ ናስትሮውን ከገዛ አውራ ጣቱ ጋር አጣበቀው። ስምንቴ ቶሎ ቶሎ ጠቅልሎ በጥርሱ በጠሰው።

የሟቹ ልጅ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች፤ የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እሷ ናት። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው፤ እጇ ግን ብቻውን ሠራ። ጠቀለለች፣ በመቀስ ቆረጠች፣ ጫፉን በስሱ ወደ ውስጥ አጠፈች።

«ማጠፉ ለምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የሚፈታው ሰው በጥፍሩ እንዳይቸገር። አባዬ ነው ያስተማረኝ፤ ሥራ ሲሠራ ለሚቀጥለው ሰው ታስቦ ነው ይላል…»

«ይላል» ካለች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች።

መርማሪዋ ሦስቱንም ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ማሽኑ ትናንት አንዴም ካልቆመ፣ ዐይኑ የታሰረው ደንበኛው ሳይመጣ በፊት ነው። ለመግደል የሚያስብ ሰው ሠላሳ ሠራተኛ በዙሪያው እያለ እንዲህ አያደርግም፤ ማን እንደሚሞት አያውቅማ። የታሰረው ለጉብኝቱ ነው። ሟቹ ራሳቸው አስረውት ቢሆን ክንዳቸውን ባላስገቡ ነበር። እርስዎ ናስትሮ መያዝ አይችሉም። አንተ በጥርስህ ትበጥሳለህ። የሽቦው ናስትሮ ግን ጫፉ ታጥፏል። ያሰረው ሰው መልሶ ሊፈታው አስቦ ነበር።»



«ለአንድ ቀን ብቻ ነበር» አለች ልጅቷ። «ደንበኛው ካልፈረመ ማሽኑን እንደሚያወጡት ባለቤቱ ነግረውናል። ማንም እጁን እንዳያስገባ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቆሜ ዋልኩ። ሲመሽ አባዬ ደስ ብሎት እጄን ይዞኝ ወጣ፤ በምን አፌ ልመለስ ልበለው? ጠዋት ቀድሜው እፈታዋለሁ አልኩ። ሁሌም እቀድመዋለሁ እኮ። ዛሬ ለምን ቀደመኝ?»

መርማሪዋ ይህን ባትመልስ በወደደች ነበር። ከሟቹ ኪስ የተገኘውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ በእጅ የተቀጠቀጠች ትንሽ የቆርቆሮ ኮፍያ።

«ዐይኑ ላይ ልክክ ትላለች፤ የዘይቱን ጭጋግ ትከልላለች። ከእንግዲህ በከንቱ አይቆምም፣ እጅም አይበላም። ሳትመጪ ገጥመው ሊያስደንቁሽ ይመስለኛል።»

ልጅቷ ኮፍያዋን ልትነካ እጇን ዘርግታ መለሰችው።

ባለቤቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢንስፔክተር፣ ለእናቷ አንድ ናት። ‹ማሽኑ ተበላሽቶ ነው› ብለው ይጻፉ። ሟች አይከሰስ፣ ማሽን አይታሰር።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ አልጻፈችም። እንዲህ መጻፍ በጣም አማራት።

«እንደዚያ ከተጻፈ የድሮው ይመለሳል» አለች ልጅቷ። «አባዬ ማሽኑን ቁም ብሎ ነው የሠራው። አትቁም ያልኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ብለው ይጻፉ።»

ተጻፈ። ፈረመች።

«እናቴ ገና አልሰማችም፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማ» አለች ስትነሳ። «ቤታችን ከዚህ መታጠፊያው ጋ ነው። አምስት ደቂቃ።»

«መኪና አለ።»

«አይ፣ በእግር ይሁን፣ እትዬ። በሩቁ መንገድ ይውሰዱኝ።»

በሩቁ መንገድ ሄዱ። እሱም አለቀ።