ጡት ያልጣለው ጊታር

ወንድሜ ምንውየለት በሞተ በሦስተኛው ቀን ጊታሩን ከግድግዳ አውርጄ ለጓደኛው ለአበጋዝ ሰጠሁት። አርባው እንኳ አልወጣም ነበር። አልቃሽ ድምፅዋን ከፍ ባደረገች ቁጥር ያ ጊታር፣ ማንም ሳይነካው፣ እም... እያለ ይመልስላት ነበር። ፈራሁ። መፍራቴን ግን ለአበጋዝ አልነገርኩትም።

የአበጋዝ ልጆች፣ አባታችሁን ከቀበርን ዛሬ ሁለተኛ ሌሊታችን ነው። መብራቱ ጠፍቷል፣ እንቅልፍም የላችሁም። ጊታሩም ያው ከራስጌያችሁ ተሰቅሏል። ስለዚህ ስሙኝ።

ያኔ፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ጨረቃ የለችም። አበጋዝ ከሠርግ ቤት ወጥቶ በባሕር ዛፉ መሃል ይሄዳል። ብቻውን ነው። ለምን ብቻውን? ተናዶ ነዋ። ሚዜዎቹ ጊታሩን አይተው፣ "አቤ፣ ይኼ ጡት አልጣለም እንዴ? እናቱን የት ጥለሃት መጣህ?" ብለው ስቀውበታል።

"ትልቁ ጊታር ዘፋኙ ላይ ይጮሃል። ይኼ ያዳምጣል" አላቸው።

እውነቱን ነበር። ትንሽ ነው፤ ደረት ላይ ልክክ ይላል። የማሆጋኒ እንጨቱ ከዕድሜ ብዛት ደርቆ እንደ ቅል ቀሏል። ድምፁ እንደ ሽማግሌ ቃል ነው፤ አይንጫጫም፣ ግን ይደርሳል። ክንድ የሚያርፍበት ጠርዝ ተልጧል። የላጠው የምንውየለት ክንድ ነው።

አበጋዝ ይሄዳል። አይዘፍንም፣ አያፏጭም። ጊታሩ ግን ጀርባው ላይ እም... አለ።

ቆመ። ጊታሩ ዝም አለ። ሄደ። እም... አለ። ያ ጊታር ካልዘፈኑለት ይመልሳል? አይመልስም። ታዲያ ማነው የሚዘፍንለት?

ጥቂት እንደሄደ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ቀጥሎ ማንገቻው ተጎተተ። ቀጥሎ ማጅራቱ ላይ ቀዝቃዛ ትንፋሽ አረፈ።

"አርባዬ ሳይወጣ ማን ሰጠህ?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ጥላችሁት ትሮጡ ነበር። እኔም እሮጥ ነበር። አበጋዝ ግን ዞሮ ጊታሩን ደረቱ ላይ አስጠጋው።

"እህትህ ናት የሰጠችኝ። አልመልስም። አንተ ሞተሃል፣ እሱ አልሞተም። ከፈለግክ ዝፈን፣ ልምታልህ።"

መታ። እየሄደ፣ እስከ ደጃፉ ድረስ መታ። እዚያ ሲደርስ ያ ትንፋሽ ጆሮው ሥር መጣ።

"ይሁን፣ ያዘው። እስክትሞት ያንተ ነው። ያን ጊዜ ግን የሰጠችህን መጥቼ እጠይቃታለሁ።"

አበጋዝ ይህን የነገረኝ ባለፈው ሳምንት፣ አልጋ ላይ ሆኖ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ "ማታ ብቻሽን አትሂጂ" ሲለኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እናንተም አትሂዱ።

ቆይ። አሁን ማን ዘፈነ? ማንም አልዘፈነም። ታዲያ ግድግዳው ላይ... ስሙት።

እዚህ ነኝ፣ ምንውየለት። ዛሬ አልሮጥም። ጊታሩም ከዚህ ቤት አይወጣም።

እናንተ ግን፣ ጊታሩን መፍራቴን ሳልነግረው አባታችሁን በዚያ መንገድ ብቻውን ሰድጄዋለሁ። ይቅር በሉኝ።