የግራ እግር ካልሲ

ሟቹ በሬሳ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ቀኝ እግሩን ስኳር በሽታ ካስቆረጠው ቆይቷል፤ የግራው ጣቶች ደግሞ ከሰል መስለዋል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ እግሩን አገላብጣ አየች። ጥያቄ ስለምታበዛ ባልደረቦቿ በሌለችበት «እትዬ ለምን» ይሏታል። እሷም የስኳር ታማሚ ናትና የዚህ ሰው እግር አስፈራት።

ከሳሿ እቤቷ ልብስ እየሰፋች አባቷን ስታስታምም የኖረችው ልጁ ናት። «ቀዶ ሐኪሙ ገደለብኝ!» ብላ ነው ፖሊስ ጣቢያ የገባችው። ሐኪሙ የተዘጋውን የደም ሥር አልፎ ደም ወደ እግሩ እንዲወርድ፣ ከሰውዬው ከራሱ ገላ ደም ሥር ወስዶ ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት ቀጥሎለት ነበር። እግሩ ሞቀ፣ ሰውዬውም ቤቱ ገባ። ብዙም ሳይቆይ እግሩ ጠቁሮ መርዙ ደሙ ውስጥ ገባና ሞተ።

«ዶክተር፣ ስፌቱ ተበላሽቶ ይሆን?» አለችው መርማሪዋ።

«ሬሳውን የመረመሩትን ይጠይቁ። የተሰፋው ሁለቱም ጫፍ አልተዘጋም። ደሙ የረጋው መሃል ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ነው።» ሐኪሙ እጆቹን አየ። «ከታገድኩ ይህን የሚሠራ ሌላ ሰው እዚህ የለም። ወረፋ የያዙት በሙሉ እግራቸው ይቆረጣል።»

ቀጥሎ ቤት ድረስ እየሄደች ቁስሉን ስታጥብ የነበረችው ነርስ ተጠየቀች።

«ፋሻውን አጥብቀሽበት እንዳይሆን?»

«እኔ? የተቀጠለው ደም ሥር እኮ እዚያው ከቆዳው ሥር ነው ያለው! የሚያጠብቅ ነገር እንዳይነካው ለአባትየው አፌ እስኪደርቅ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ለልጅቱስ?»

«እሷ ገበያ ነበረች። ‹እኔ እነግራታለሁ› አሉኝ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሟቹ ይተኛበት በነበረው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ስፌቱ ተበላሽቶ ቢሆን ደሙ ጫፉ ላይ ይረጋ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ አይደሉም። ደሙ የረጋበት ቦታ ላይ እግሩን የዞረ ቀጭን ሰንበር አለ፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። ፋሻ ሰፊ ነው፣ እንዲህ ያለ ምልክት አይተውም። ነርሷም አይደለችም።» ዓይኗ የልጅቱ እጅጌ ላይ አረፈ፤ ላስቲኩ በዚያው ጥርስ ጥርስ ባለው ስፌት ተይዟል። «ነርሷ ካላየችው ተደብቆ ነበር ማለት ነው። አንድ እግር ያለው ሰው ዕቃ የሚደብቀው እጁ በሚደርስበት ነው» አለችና ከፍራሹ ሥር ረጅም ግራጫ ካልሲ መዝዛ አወጣች።

«እሱማ የኔ ሥራ ነው» አለች ልጅቱ ግራ ገብቷት። «በረደኝ ሲለኝ ሰፋሁለት። እንዳይወርድበት ላስቲኩን ደረብኩት...» ድምፅዋ ተቆረጠ። «ታዲያ ሲያጠብቀው ለምን አልነገረኝም?»

«ስኳር ያደነዘዘው እግር ምን ይሰማዋል ልጄ? የኔም ሚስማር ቢወጋው አያውቅም።»

«ነርሷ ነግራው የለ እንዴ? ታዲያ ለምን አደረገው?»

ዛሬ «ለምን» ተብላ የምትጠየቀው ራሷ እትዬ ለምን ነበረች። መልሱን ታውቀዋለች፤ ካልሲውን ለልጅቱ አቀበለቻት።

ልጅቱ ራሷ ደረሰችበት። «ነርሷ ስትመጣ ያወልቀዋል። ‹እንዳይቆሽሽብኝ ነው› ይለኛል። ገና ከመውጣቷ ‹ነይ አልብሺኝ› ይላል...» አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ እኮ ወደደው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ እኔ እንዳይከፋኝ ነው።»

ሐኪሙ ነፃ ወጣ፤ ቀና ብሎ ያየ ግን አልነበረም። መርማሪዋ ካልሲውን ለማስረጃ መውሰድ ነበረባት። ልጅቱ በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም አለች፤ መርማሪዋም አልታገለቻትም።