ከአካውንቱ ላይ ያልጠፋው ሦስተኛ ስም

ይህ የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። "ደብተሬን ፍየል በላብኝ" የሚሉ ልጆችን ስገስጽ ነው ያረጀሁት። ስለዚህ ተረት ላወራላችሁ አልተነሳሁም። ያላመነ አይመን፤ እኔ የሆነውን እጽፋለሁ።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ኬንያ፣ ኪሱሙ ከተማ፣ ሚጎሲ ሰፈር፣ የገዛ ሳሎኔ ውስጥ። ፀሐይዋ ደምቃለች፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይጮኻል። የሚያስፈራ ነገር አልነበረም...

ግን ከጠዋቱ ልጀምር።

ጠዋት የቤቱን ኮምፒውተር ስከፍት ቀይ ማስታወቂያ ብቅ አለ።

"የአንቲቫይረስዎ ጊዜ ዛሬ ያበቃል።"

አንቲቫይረሱን የጫነልን ልጃችን ኬፋ ነበር። ሥራው ኮምፒውተር መጠገን ነው። ለሦስት ዕቃ የሚሆን፣ የሁለት ዓመት ገዝቶ አንዱን ለቤቱ ኮምፒውተር፣ አንዱን ለእናቱ ስልክ፣ አንዱን ለራሱ ላፕቶፕ አደረገው።

ኬፋ ከሞተ አሥራ አራት ወር ሆኖታል።

"ሞተ" የምለው እኔ ነኝ። እናቱ ሪስፐር እንዲህ ብላ አታውቅም።

ከሐይቁ ማዶ፣ ምፋንጋኖ ደሴት ያለ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮቹን እንዲጠግን ጠርቶት ሲሻገር ጀልባዋ ተገለበጠች። ሌሎቹ ሁሉ ተገኙ። ኬፋና ላፕቶፑን የያዘበት የጀርባ ቦርሳው ግን... ሐይቁ አልመለሳቸውም።

እኛ ሉዎዎች ዘንድ አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው በምትኩ የያጎ ዛፍ ፍሬ ይቀበራል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ሳምንት ጠብቀው "በቃ" አሉ። ፍሬውን በአንሶላ ጠቅልዬ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ረጅም ነው፣ ይከብዳል። ኬፋ የተወለደ ሰሞን ሳቅፈው ይከብደኝ የነበረውን ያህል ከበደኝ። አገር ቤት አሌጎ፣ አባቴ ባወረሰኝ ግቢ፣ ከአጥሩ ሥር ቀበርነው።

ሪስፐር አልመጣችም።

"እኔ ፍሬ አልቀብርም" አለች። "ልጄ ሲመጣ ምን ልትለው ነው?"

የተቀበረበትን ቦታ እንኳ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ አሌጎን አልረገጠችም። ዓሣም ቤታችን ገብቶ አያውቅም። እኔንም "የኬፋ አባት" ብላ መጥራቷን ተወች፤ እንደ ውጭ ሰው "መምህር" ትለኛለች። ከሁሉም የሚያመኝ ይሄ ነው።

ቀዩን ማስታወቂያ በትከሻዬ በኩል አየችው።

"ኬፋ የገዛውን ዓይነት ግዛ፣ መምህር። የሦስቱን።"

ዛብሎን ሱቅ ሄድኩ። የኬፋ ጓደኛ ነበር፤ ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነው።

"መምህር! ደግሞ ምን ነካው ያ አሮጌ ኮምፒውተር?"

"የአንቲቫይረሱ ጊዜ ሊያልቅ ነው።"

ሁለት ሳጥን ፊቴ ደረደረ።

"በነጻ የሚገኝም አለ፤ ግን እሱ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያንኮራፋ ዘበኛ ማለት ነው። ቀዩ ሳጥን ለሁለት ዕቃ ነው፣ ረከስ ይላል። ሰማያዊው ለሦስት፤ እሱ የጠፋ ዕቃም ይፈልጋል። ስንት ናችሁ?"

ስንት ልጅ አላችሁ ያለኝ መሰለኝ።

እውነቱን ልናገር... ልቤ ቀዩን መርጦ ነበር። ኮምፒውተሩን በከፈትኩ ቁጥር ያንን ሦስተኛ ስም ማየት አቅቶኛል። ቀዩን ከገዛሁ ግን ልጄን ሁለተኛ ቀበርኩት ማለት ነው። ሪስፐር ደግሞ የመጀመሪያውንም ይቅር አላለችኝም።

"ሁለት" አልኩት ቀስ ብዬ።

ዛብሎን ገባው። አንገቱን ደፋ።

"እሺ... እንግዲያው አንዱን ከአካውንቱ ላይ እናጥፋው።"

ገጹን ከፈተ። ሦስት ስም። ስም ያወጣላቸው ኬፋ ነው።

"አባባ።"

"እማማ።"

"እኔ።"

"አባባ" አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ አለ። "እማማ" አጠገብም አለ። "እኔ" ግን ዓመት ሙሉ ግራጫ ነበር። በየጠዋቱ ስለማየው አውቀዋለሁ።

አሁን አረንጓዴ ነው።

ዛብሎን እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

"መምህር..." አለ በሹክሹክታ። "ላፕቶፑ ማን ጋ ነው?"

"ሐይቅ ውስጥ ነዋ።"

"ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተከፍቷል። ባትሪው ስልሳ አንድ ፐርሰንት ይላል።"



"ዓሣ አጥማጅ አውጥቶት ይሆናል" አለ። "ወይ ሌባ..."

"ውሃ ውስጥ የከረመ ላፕቶፕ ይሠራል እንዴ?"

ገጹን ደጋግሞ አየው።

"ፈልግልኝ።"

"የድሮው አይፈልግም። ሰማያዊው ሲጫን ነው የሚፈልገው።"

ሰማያዊውን ገዛሁ።

እንግዲህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን።

ሪስፐር አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሱቅ ያየሁትን አልነገርኳትም። በሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አስገባሁ። አንቲቫይረሱ ዕቃዎቹን በየተራ መፈተሽ ጀመረ።

"አባባ፦ ችግር የለም።"

"እማማ፦ ችግር የለም።"

"እኔ፦ በመፈተሽ ላይ..."

የሪስፐር እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ስንት ወሯ ነው ከነካችኝ!

"መምህር... ይሄ የኬፋ ነው።"

"አዎ።"

"ማን ከፈተው?"

"አላውቅም።"

ባትሪውን አየሁ። ስልሳ አንድ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልሳ አንድ፣ አሁንም ስልሳ አንድ። ስምንት ሰዓት ሙሉ በርቶ አንዲት እንኳ አልቀነሰም። የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ይሄ አልገባ አለኝ።

"እኔ፦ ችግር የለም።"

ሪስፐር ሳቀች። አሥራ አራት ወር ያልሰማሁት ሳቅ።

"ችግር የለም ይላል! ልጄ ምንም አልሆነም!"

ቦታውን እንዲፈልግ አዘዝኩት። ካርታው ተከፈተ። መጀመሪያ ሐይቁ ነው የመጣው፤ ሰማያዊ በሰማያዊ። ነጥቡ እዚያ እስኪያርፍ ጠበቅሁ...

አላረፈም። ካርታው ሐይቁን ትቶ ወደ መሬት ተንቀሳቀሰ። አስፋልቱን ተከተለ። ወደ ኮረኮንች ታጠፈ።

አሌጎ።

"ቤት ገብቷል!" ብላ ጮኸች። "አገር ቤት ገብቶ ተቀምጧል! መቀበሩን ሰምቶ ተቀይሞን ነው! ተነስ!"

ጫማዋን ልትፈልግ ሮጠች።

እኔ ካርታውን አጎላሁት። ነጥቡ ቤቱ ላይ አልነበረም። ከቤቱ ጀርባ ነው... ከአጥሩ ሥር።

አልነገርኳትም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አልነገርኳትም።

መናኸሪያው ጋ ስንደርስ የተጠበሰ ዓሣ ገዛች። ኬፋ የሚወደውን፣ ትልቁን። በጋዜጣ አስጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ሚኒባሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ፀጉሯን ታስተካክላለች፣ ስልኳን ታያለች፣ ቀስ ብላ ታንጎራጉራለች። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ አለቀስኩ።

አሌጎ ስንገባ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ፀሐይ አልጠለቀችም። የበሩ ቁልፍ ዝጓል፤ ማንም አልነካውም።

"ኬፋ!" እያለች በየክፍሉ ገባች። "ኬፋዬ! እማማ ናት!"

ባዶ።

ወጣች። ስልኳን አየች።

"እዚህ ላይ 'ድምፅ አሰማ' የሚል አለ።"

"ተይው..."

ነካችው።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ... ቲን... ቲን... ቲን...

እሷ ሮጠች። እኔ ተከተልኳት፤ ስደርስ አጥሩ ጋ ቆማለች። ሣሩ በቅሏል። አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የቆፈረው የለም።

ድምፁ ከሥር ነው የሚመጣው።

"መምህር" አለች፣ ዞር ሳትል። "ይሄ ቦታ ምንድን ነው?"

መዋሸት አልቻልኩም።

"እዚህ ነው... ያስቀመጥኩት።"

ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም። ዓሣውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ተንበረከከች። ከዚያ በጎኗ ተኛችና ጆሮዋን አፈሩ ላይ ለጠፈች፤ ኬፋ ሕፃን ሳለ ይተነፍስ እንደሆነ ለማወቅ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

ቲን... ቲን...

ጮኸች።

በቀብሩ ቀን ያልጮኸችውን፣ አሥራ አራት ወር አፍና ያኖረችውን ለቅሶ ጮኸችው። ውሾች ዝም አሉ። ጎረቤት ከየአጥሩ ብቅ ብቅ አለ፤ የቀረበን ግን የለም።

እሷ ስታበቃ ድምፁም አበቃ።

ስልኩ ሣሩ ላይ ወድቆ ነበር። አነሳሁት። "አባባ" አለ። "እማማ" አለ። ሌላ ስም የለም። ከሥር አንዲት መስመር ብቻ...

"'እኔ' በባለቤቱ ተሰርዟል። 11፡40።"

"የኬፋ አባት" አለችኝ፣ እንደተኛች።



"አቤት፣ የኬፋ እናት።"

"ልጃችን እዚህ ነው።"

እጄን ሰጥቼ አነሳኋት። አሌጎ ዝናብ ከጣለ ሁለት ወር አልፎታል። ሐይቁ ከዚያ ግቢ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አፈሩ ላይ ያረፈው ጉንጯ ግን አቧራ አልነካውም። እስከ ፀጉሯ ርሷል፤ እየተንጠባጠበ ነው፤ ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል።

ከጆሮዋ ሥር ደግሞ አንድ የእምቦጭ ቅጠል ተለጥፏል። አረንጓዴ፣ ገና ያልጠወለገ።