አንዱ ከአንዱ አልተወለደም

ለገሠ፣ ካርቱም ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር በሚገኘው ቤቱ፣ በገመድ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ከቆሻሻ ባልዲው የሞርፊን ሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ጠርሙስ ወጣ፤ ባዶውን። ሽሮፑ ከፊኛ ካንሰሩ ቀዶ ጥገና የተረፈ ነው፤ ትናንት ገና አልተከፈተም ነበር። ማታ በሽተኛውን ካርካዴ፣ ያን ቀይ የአበባ ሻይ፣ ያጠጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሚስቱ፣ ወንድሟና ባልንጀራው።

ፖሊሱ ማሕጁብ ሚስቲቱን ወለላን ሊወስድ ተነሥቷል።

«ካንሰሩ ሳንባው ላይ ወጥቶበታል። አዝናለት አሳረፈችው። ኻላስ፣ አለቀ!»

«ሻይህን ጨርስ» አለው አንተነህ።

አንተነህ አዲስ አበባ ሳለ የነፍስ ግድያ መርማሪ ነበር። መንግሥት ሲወድቅ ተሰደደ። የካርቱም ሐበሻ ሲጨንቀው እሱን ይጠራል። ዛሬ የመጣው ግን እየተጸየፈ ነው፤ በሽተኛ ባለበት ቤት ሞት የሚጠብቅ የዘመድ ዐይን ያስጠላዋል።

«ጋሼ፣ ምን አሞት ነው የማሳርፈው?» አለች ወለላ። «ትናንት ፉል በልቶ፣ በአረብኛዬ ሲስቅብኝ ነው ያመሸው!»

«ሳንባው ላይ ወጣ ያለሽ ማነው?»

«ጋሽ ጥጋቡ።»

«ሐኪሟ ጋ አልገባሽም?»

«እንዲህ ያለው ለሚስት መቼ ይነገራል? ለራሱም አልተነገረው።»

ጥጋቡ የሟች ባልንጀራ ነው።

«እኔ ከወንድሟ ከሚልዮን ሰማሁ። ‹ለእኅቴ አንተ ቀስ ብለህ ንገራት› አለኝ። ወጉ ነው።»

«እነ ወለላ ከሚልዮን ጋር በለገሠ የስደተኛ ፋይል የጠበቁት የካናዳ ጉዞስ?»

«በሽተኛው ሳይድን አትሄዱም ተባሉ። ሚልዮን ይህን ሲሰማ ሻንጣውን በእርግጫ አለው፤ ያ ቀበጥ!»

የወለላ ወንድም ሚልዮን ሽቶ ተቀብቷል። ሬሳ ባለበት ቤት!

«ተሰራጭቷል፣ ተስፋ የለውም ያለችኝ ሐኪሟ ናት» አለ።

አንተነህ ስልክ ደወለ። ዶክተር ረያን መጣች፤ እናቷ ሐበሻ፣ አባቷ ሱዳናዊ ናቸው። ሁሉም በሬሳው ዙሪያ ቆሙ።

«ለሚልዮን ምን አሉት፣ ዶክተር?»

«ፊኛው ድኗል። ሳንባው... ሌላ ነው። አዲስ፣ ትንሽ። ሲጋራ የሁለቱ አባት ነው፤ ግን አንዱ ከአንዱ አልተወለደም። እሑድ ቆርጬ አወጣለሁ፣ ኢንሻላህ ይድናል አልኩት።»

ጥጋቡ አፉን ያዘ።

«በእኛ ዘንድ» አለ አንተነህ፣ «ክፉ ወሬ በሰው በሰው ዞሮ ነው ሚስት ጆሮ የሚደርሰው። እኔ ወደ ኋላ ተከተልሁት። ከወለላ ጥጋቡ፣ ከጥጋቡ ሚልዮን። ከዚያ ወዲያ ሐኪሟ ናት፤ እሷ ደግሞ አላለችም። ወለላና ጥጋቡ ይሞታል ብለው አምነዋል። በራሱ የሚሞተውን ማን ይገድላል? ለማሳረፍ እንዳይባል፣ ሕመም የለው። የሚቸኩለው እንደሚድን የሚያውቀው ብቻ ነው። ቢታከም ጉዞው ይዘገያል፤ ድንገት ቢሞት ደግሞ እንዳይጠረጠር ‹ተስፋ የለውም› አልህ። እሑድ ለቀዶ ጥገናው ሳይመጣ ቢቀር ሐኪሟ ትደውላለች፤ ውሸቱ ይወጣል። ሽሮፑን በካርካዴው ቀላቀልህ፣ ሚልዮን።»

ሚልዮን ወደ እኅቱ ዞረ።

«ስንት ዓመት ጠበቅን! ለአንቺም ብዬ ነው፣ ወለላ። አሁን ፋይሉ በስምሽ ይዞራል። ቢያንስ አንቺ ሂጂ!»

አንተነህ ብዙ ገዳይ አይቷል። በሬሳ ራስጌ ቆሞ ጉዞ የሚያመቻች ግን አላየም።

ወለላ ወደ ሐኪሟ ዞረች።

«ይድን ነበር?»

ረያን ዐይኗን ሰበረች። «ይድን ነበር።»

ማሕጁብ የሚልዮንን ክንድ ይዞ «ያላ፣ እንሂድ» አለ። በሩ ከአልጋው ወዲያ ነው፤ መተላለፊያው ጠባብ ነው።

«ቆይ» አለች ወለላ። «ሲያልፍ ልብሱ ባሌን እንዳይነካው።»

አንተነህና ጥጋቡ አልጋውን ከነሬሳው አንሥተው ከመንገዱ ራቅ አደረጉት።