ዝም ያለው ቴፕ

ቴፑ በራ። ሰማያዊ መብራቱ ቦግ አለ፤ ቁጥሮቹ ከጣቢያ ጣቢያ እየዘለሉ ሮጡና አንዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ድምፅ ግን የለም። ልጅቷ ከሚኒባሱ ዳሽቦርድ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ፣ ስልኳን በጥርሷ ይዛ፣ የሆነ ነገር እስኪሰማ ጠበቀች። የሰማችው የጠበቃውን የማስቲካ ጩኸት ብቻ ነው።

«ድምፁን ጨምረሽዋል?» አለ ጠበቃው ከሹፌሩ ወንበር ላይ ሆኖ።

ስልኩን ከአፏ አወጣችው። «እስከ መጨረሻው።»

«እንግዲያው ዲዳ ነው የተሸጠላችሁ።»

ጠበቃው የጎረቤት ልጅና የክፍል ጓደኛዋ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት መምህራን ናቸው፤ የቤት ሥራ ያልሠራበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ መምህሩ ራሱ ይቅርታ ሊጠይቀው ምንም አይቀረው። እሷን ደግሞ እናቷ «ኢንጂነር» ትላታለች፤ ለሙገሳ ግን አይደለም። ካውያውን ፈታ ከገጠመችው ወዲህ ሸሚዝ አይተኩስም፣ ያባብላል። የጣሪያው ማራገቢያም እሷ ከነካችው በኋላ አንድ ፍጥነት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሱም ጠረጴዛ ላይ ያለን ወረቀት ሁሉ ጎረቤት ያደርሳል።

ዛሬ ግን ቀልድ የለም። የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ በዕረፍት ጊዜ ለታዳጊዎች የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሥልጠና ምዝገባ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ፎርሙ የወላጅ ፊርማ ይፈልጋል። እናቷ ደግሞ ሐሳቧ ሌላ ነው፤ ልጅቷ ዕረፍቱን የሒሳብ ማጠናከሪያ እንድትማር ነው የምትፈልገው። ሁለቱ ለሳምንት ያህል ሲኳረፉ ከረሙና በመጨረሻ እናቷ አንድ መላ አመጣች። በሚኒባሷ የተማሪ ቤት ልጆች ታመላልሳለች፤ አሥራ ሦስቱ ልጆች ከኋላ ሆነው ሲጣሉ ጆሮዋ ሊበጠስ ነው። አሮጌው ቴፕ ከሞተ ሰነባብቷል። ሐሙስ ዕለት አዲስ ገዝታ መጣችና ልጇ ፊት አስቀመጠችው።

«ግጠሚው» አለቻት። «ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በፊት ድምፁን ከሰማሁ ፎርሙን እፈርማለሁ። ካልሰማሁ ሒሳብ ነው፤ ማልቀስ፣ ማኩረፍ የለም።»

አሁን አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ልጅቷ ሥራውን እንደ ዘበት አልያዘችውም። እያንዳንዱን ሽቦ በደብተሯ ላይ ሥላ፣ ቀለሙን ከቀለሙ አስተያይታ፣ እየጠመዘዘች በፕላስተር ጠቅልላዋለች። አባቷ የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሰሞኑን ራቅ ያለ ቦታ አንድ ሕንፃ ላይ ሽቦ እየዘረጋ ነው። አብራው ሥራ በሄደች ቁጥር የሚነግራት አንድ ነገር አለ። «ሥራ የሌለው ሽቦ ተንጠልጥሎ አይቀርም። ከመሬት ሽቦው ጋር ታስሪዋለሽ፣ ከዚያ ለጥ ብለሽ ትተኛለሽ።» ከቴፑ ጀርባ ከሚወጡት ሽቦዎች አንዱ፣ ቡናማው፣ የሚያያዝበት አጥቶ ተርፎ ነበር። እሷም አባቷ እንዳስተማራት ከጥቁሩ የግራውንድ ሽቦ ጋር አሰረችው። ያን ስታደርግ ቢያያት ብላ ተመኝታ ነበር።

«እሺ፣ ከመጀመሪያው እንጀምር» አለችና ተነሥታ ተቀመጠች።

ፊውዙን ነቅላ በብርሃን አየችው፤ ደህና ነው። ድምፁን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አደረገችው፤ ያው ዝም። ከግድግዳው ሰዓት ላይ ባትሪ ድንጋይ አውጥታ መጣችና ሁለት ሁለቱን የስፒከር ሽቦዎች ጫፉና ጫፉ ላይ ነካ ነካ አደረገቻቸው። የፊተኛው «ቷ» አለ። የኋለኛውም «ቷ» አለ። አራቱም በየተራ መለሱላት።

ጠበቃው በጣቱ መቁጠር ጀመረ። «ፊውዙ ነፃ ነው። ስፒከሮቹ ነፃ ናቸው። ሽቦው ነፃ ነው። ማን ቀረ? ቴፑ። በቃ፣ ተከሳሹ ተገኘ።»

እሷም አመነች። ሌላ የሚፈተሽ ነገር አልታያትም።

እናቷ እጇን በፎጣ እያደረቀች ከቤት ስትወጣ ነገረቻት። «እማዬ፣ ቴፑ ራሱ ነው የተበላሸው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሁሉንም ፈትሼዋለሁ።»

እናቷ ስልኳን አንሥታ ቴፑን ለሸጡላት ባለሱቅ ደወለች። ስትናደድም «እርስዎ» ማለቷን አትተውም፤ ነገሩን የሚያከብደውም እሱ ነው። «ጋሼ፣ እንዴት እንዲህ ይጫወቱብኛል? ዲዳ ዕቃ ጠቅልለው ይሰጡኛል? እኔኮ እርስዎን አምኜ ሌላ ሱቅ አልጠየቅሁም።» ይህን ሁሉ ያለችው አጥር ላይ ልብስ የሚያሰጡ ጎረቤቶች እየሰሙ ነው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ባለሱቁ ካርቶን ታቅፈው፣ ግንባራቸው በላብ ርሶ፣ በእግራቸው ደረሱ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ከካርቶኑ ሌላ ቴፕ፣ ቁርጥ የመጀመሪያውን የሚመስል፣ አውጥተው ለልጅቷ ሰጧት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ» አሏት እናቷን። «ሐሙስ ሳልጠቀልለው እኔው ሰክቼ ሰምቼው ነበር። ዜና ነበር የሚያወራው። የሰማሁ መስሎኝ ነበር እንግዲህ።» ላባቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «እንጃ፣ ጆሮዬ ከድቶኝ ይሆናል። ባለቤቴም ሰሞኑን ይህንኑ ስትለኝ ነበር፤ አልቀበል ብያት ነው።»

የእናቷ ቁጣ በረደ። «ኧረ ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ» ብላ ወደ በረንዳው ወሰደቻቸው። እሳቸው ግን ሁለት እርምጃ ሄደው ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ሶኬቱን ከዚያኛው ነቅለሽ እዚህኛው ላይ ትሰኪያለሽ፣ ሌላ ሥራ የለውም። ቡናማው ሽቦ ግን ባዶውን ይቅር። እሱ የስልክ ነው። ስልክ ሲደወል ግራውንድ ያገኝና ቴፑ ሰው አውርቶ እስኪጨርስ ድረስ ድምፁን ያጠፋል።»

ልጅቷ ፊቷ ሲግል ተሰማት። ቴፑ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ እየተወራ መስሎት፣ በጨዋነት ዝም ብሏል። የተበላሸ አልነበረም፤ እሷ ነበረች ዝም ያሰኘችው።

እንደገና ከዳሽቦርዱ ሥር ገባች። ፕላስተሩን ላጠችው፣ ቡናማውን ከጥቁሩ ፈታችና ጫፉን ለብቻው ጠቀለለችው። ቴፑን ግን አልቀየረችውም፤ መጀመሪያ ማወቅ ነበረባት። ቁልፉን አዞረች። የአንዲት ሴት ዘፈን ከአራቱም ስፒከሮች ፈንድቶ ወጣና ጠበቃው ማስቲካውን ዋጠ።

ድምፁን ቀነሰችው። ጠበቃው አንዴ ቴፑን፣ አንዴ ጭኗ ላይ ያለውን አዲሱን ቴፕ፣ አንዴ እሷን አየ። ነገር ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም።

«ስሚ» አለ በሹክሹክታ። «ቀይሬዋለሁ በያቸው። ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ማን ይለያቸዋል? እናትሽ ድምፅ ከሰማሁ እፈርማለሁ ነው ያለችው፣ ይኸው ሰማች። ሰውዬውም ጭንሽ ላይ ያለውን የተበላሸው መስሏቸው ይወስዱና ያስቀይሩታል። ማን ተጎዳ?»

«እሳቸውኮ በእግራቸው ነው የመጡት።»

«አታካብጂዋ። መምጣቱን አንዴ መጥተዋል፤ ብትናገሪም ባትናገሪም በእግራቸው ነው የሚመለሱት።»

ክርክሩ ቀዳዳ የለውም፤ የጠበቃው ክርክር መቼም ቀዳዳ ኖሮት አያውቅም። እሷ ደግሞ ሥልጠናውን ፈልጋዋለች። በጣም ፈልጋዋለች። የዕረፍቱን ሁለት ወር ከቀመር ጋር አፍጥጣ ስታሳልፍ ታያት።

ዘፈኑ በረንዳው ድረስ ተሰምቶ ኖሮ እናቷ ፎርሙንና ብዕሩን ይዛ፣ ፊቷ ፈክቶ መጣች። ወረቀቱን በሚኒባሱ ኮፈን ላይ ዘረጋችው። «በይ እንግዲህ ኢንጂነር፣ ያልኩትን አላጥፍም። አምስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ሮጠሽ ትደርሻለሽ።»

ባለሱቁ ባዶ ካርቶናቸውን ከፍተው በመስኮቱ በኩል ዘረጉላት። «የተበላሸውን እዚህ ውስጥ አድርጊልኝ፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከእንግዲህ እኔ ሰምቼ የምሸጠው ነገር የለም። የወንድሜን ልጅ ሱቅ ውስጥ አስቀምጬ እሱ ይሰማልኛል።»

ጠበቃው በክርኑ ጎሰማት። አዲሱ ቴፕ ጭኗ ላይ ነው። ማንሣትና ካርቶኑ ውስጥ መክተት ብቻ ነበር የቀራት። የእናቷ ብዕር ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«እማዬ፣ ቆይ፣ አትፈርሚ» አለች።

እናቷ ቀና አለች።

ልጅቷ መጀመሪያ የዞረችው ግን ወደ ሽማግሌው ነው። «ጋሼ፣ ጆሮዎ ምንም አልሆነም። ይህ የሚዘፍነው የሐሙሱ ቴፕ ነው። በደንብ ነው የሰሙት። ቡናማውን ሽቦ ከግራውንድ ጋር አስሬ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።»

ከቴፑ ውስጥ ሴትዮዋ መዝፈኗን ቀጠለች። ባለሱቁ እጃቸውን አንሥተው ጆሯቸውን ቀስ ብለው ዳበሱት፤ ዓይናቸው ፈገግ አለ። እናቷ ብዕሩን እንደያዘች፣ ሳትፈርምም፣ ብዕሩን ሳታስቀምጥም፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች።

«የትኛው ነው ቡናማው?» አለች።

ልጅቷ ስልኳን አበራችና ሽቦውን ወደ ብርሃኑ ጎትታ አሳየቻት።