ሥራ ፈቱ መስመር

በሆስፒታሉ አራተኛ ፎቅ የተኙት ሠላሳ አንድ ሕሙማን የሚተነፍሱት በአንድ ፕሮግራም ነበር። ስሙ ማዕከላዊ ሳንባ ነው፤ ለሁሉም አየር ይሰጣል፣ አየር ይቀበላል። ጠያቂዎችም ለምደውታል።

ፕሮግራሙ ግን አርጅቷል። የሰባ ዓመት ኮድ፣ ሦስት ሚሊዮን መስመር፤ የጻፉት ሁሉ ሞተዋል። ማርዳ ደርሶልኝ ይህን ኮድ በአዲስ ኮምፓይለር፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚመልስ መሣሪያ፣ አሳልፋ ወደ አዲሱ ሲስተም ለማዛወር ሁለት ዓመት ፈጀባት። ትናንት ጨረሰች። የድሮዎቹ ማሽኖች ዛሬ ማለዳ ተፈታተው ወጡ።

ከሕሙማኑ አንዱ አባቷ አቶ ደርሶልኝ ነበሩ። ጨረቃ ላይ ስትሠራ ለእናቷ ቀብር ሳትመጣ ከቀረች ወዲህ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልመረቋትም። ትናንት ግን አስጠርተዋት፣ "የምነግርሽ ቃል አለኝ" አሏት።

"ነገ፣ አባባ። ዛሬ ሥራው አላስቆም ብሎኛል።"

ዛሬ ስትገባ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። የማሽኖቹ መብራቶች ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ሕሙማኑ የተሻላቸው መስሏት፣ ምስኪን፣ ደስ አላት። የደነገጠችው አባቷ ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው ድምፅ ሳይወጣ ሲቀር ነው።

ኮዱን ከፍታ ጉዱን አየች። የድሮው ፕሮግራም በትንፋሽና በትንፋሽ መካከል ከአንድ እስከ አራት መቶ ሺህ ዝም ብሎ ይቆጥር ነበር። ለአዲሱ ኮምፓይለር ይህ ሥራ ፈትነት ነው፤ መስመሩን ጥርግ አድርጎ አወጣው፤ ትንፋሹም ያለ ፋታ ይከታተል ጀመር። ሕሙማኑ ደግሞ የሚናገሩት በዚያች ፋታ ነበር። ለካ ያቺ ባዶ ቆጠራ የሰው ድርሻ ኖራለች። ይህን ማንም በማስታወሻ አልጻፈውም፣ እሷም አልጠየቀችም።

"መልሼ ላስገባው ብል ኮዱ ሁሉ እንደ አዲስ በኮምፓይለሩ ማለፍ አለበት፤ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል" አለችው ሐኪማቸውን።

ዶክተር ኢብሳ አንገቱን ደፋ። "አባትሽ ዘጠኝ ሰዓት የላቸውም፣ ማርዳ።"

"ለጥቂት ጊዜ ከማሽኑ ብንለያቸውስ?"

"አንድ ቃል ሳይጨርሱ ያልፋሉ።"

እንዳይጽፉ እጃቸው አይታዘዝም። ከንፈራቸውን እንዳታነብ የቱቦው ማሰሪያ ግማሹን ሸፍኖታል። ማርዳ አልጋው ሥር ተንበረከከች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ለማልቀስም አፈረች።

አቶ ደርሶልኝ ትኩር ብለው እያዩዋት ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። ይመርቋት ይርገሟት ከፊታቸው መለየት አልቻለችም። ከዚያ አፋቸው ቆም አለ፤ ጠበቋት።

"አሜን" አለች።

ከንፈራቸው እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ።