የእሮቡ ወተት

ሬሳው የመጣው ኀሙስ ጧት ነው፣ ልጆቼ። ሰዓዲያ ጅዳ ላይ የሞቱ የአገሯን ሴቶች ታጥባለች፤ ለፖሊስም ታስተረጉማለች። ወረቀቱ ሟቿን «ሀጅራ፣ ሙስሊም» ይላል። ልብሷን ስትገልጥ ግን ወገቧ ላይ ጥቁር ክር አገኘች፤ ሰው እንዳያየው ከአንገት ወርዶ የታሰረ ማተብ። በዚያ ዘመን ለሥራ ስትል የሙስሊም ስም ይዛ የተሳፈረች ልጅ አንድ ሁለት አይደለችም። ሰዓዲያ ውሃውን አስቀመጠች፤ ገላዋን መልሳ ሸፈነችና ወደ ፖሊስ መኮንኑ ሄደች።

ሀጅራ ሸረፊያ ሰፈር በሚገኝ የጠበቆች ቢሮ ጽዳት ነበረች። ቢሮው ለሰባት የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አዲስ የወጣውን ደንብ በየእሮቡ በፖስታ ያሳውቃል። በዋዜማው እሮብ፣ ከቀትር በኋላ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ወድቃ ሞተች። አጠገቧ ግማሽ የቀረ ሻይ በወተት ነበር፤ የበረሮ መርዝ ተገኘበት። ሻይ የምታፈላው ፈቲያ ስለሆነች ፈቲያ ታሰረች። ከተፈረደባት የምትከፍለው በአንገቷ ነው።

ሰዓዲያ መጀመሪያ እሷን አነጋገረች። ሀጅራና ፈቲያ ኑዝላ ሰፈር አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር።

«እሮብ ወተት ትጠጣ ነበር?»

ፈቲያ አንገቷን ደፋች። «ይሄን አትጠይቂኝ፣ እትዬ። አማና አለብኝ፣ የሟች አደራ።»

«ለአማና ብለሽ ልትሞቺ ነው?»

ፈቲያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፖስታ የሚያዞረው ሹፌር ከድር ግን አልደበቀም። ሀጅራ እሮብና ዓርብ ዳቦዋን ያለ እንቁላል ያለ አይብ ስለምታዝ «አንቺ ፍየል» እያለ ይቀልድባት እንደነበር እያለቀሰ ተናገረ። ደግሞም ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሰጡት ስድስት ስድስት ፖስታዎች ነበሩ። ሰባተኛውን አዲል «እኔ አደርሰዋለሁ» ይል ነበር።

አዲል ፖስታዎቹን የሚያዘጋጀው ጸሐፊ ነው፤ እዚያው ጅዳ ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ።

«ወላሂ በዓይኔ አየሁ፣ ያ ኻላ። ሻሂውን በወተት ፉት አለች፣ ወደቀች፣ ኸላስ፣ አለቀ።» አላት፤ ኻላ በአረብኛ አክስት ናት።

ሰዓዲያ ወጥ ቤቱን ዞራ አየች። አቧራ በለበሰው መደርደሪያ ላይ የኮዳ ግርጌ የሚያህል ንጹሕ ክብ ነበር። ከድር የነገራት፣ ሀጅራ ውሃ የምትጠጣበት ኮዳ የለም።

ቅዳሜ ሁሉም ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ዋናው ጠበቃ፣ መኮንኑ፣ ከድር፣ አዲል፣ ፈቲያም እጇ በካቴና።

ሰዓዲያ ቀስ ብላ ጀመረች። ይህች ልጅ ክርስቲያን ናት፤ ክርስቲያን ደግሞ እሮብ ወተት አይቀምስም አለች። ስለዚህ ሐኪሙ ሆዷን ዳግም እንዲመረምር ለምና ነበር፤ ጠብታ ወተት አልተገኘበትም። መርዙ የነበረው በኮዳዋ ነው። ኮዳውን መኮንኑ ጣሪያው ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አገኘው፤ የጣሪያው ቁልፍም ያለው አዲል ጋ ብቻ ነው። ከሀጅራ ፍራሽ ሥር ደግሞ ሦስት ያልተከፈቱ ፖስታዎች ወጡ፤ ሁሉም ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የተጻፉ። ስታጸዳ ከአዲል የቆሻሻ ቅርጫት ያነሳቻቸው ናቸው። ደንቡን ሳይሰማ የጣሰው ጣቢያ ባለፈው ሳምንት ተዘግቷል፤ ተፎካካሪው ጣቢያ ለአዲል የሥራ አስኪያጅነት ወንበር ቃል ገብቶለታል።

«ፖስታዎቹን ለጠበቃው አሳያለሁ አለችህ» አለችው። «ወተቱን ያስቀመጥከው ከሞተች በኋላ ነው፣ በፈቲያ ለማላከክ። ፈቲያ አብራት የምትኖር፣ እሮቧን የምታውቅ ናት፤ እሷ ብትሆን ወተት አታስቀምጥም ነበር። ያላወቅከው አንተ ብቻ ነህ። ስትጠጣ አየሁ አልክ፤ ምን አየህ፣ ልጄ?»

መኮንኑ ካቴናውን ከፈቲያ እጅ ፈትቶ ለአዲል አጠለቀለት።

ፈቲያ አላመሰገነችም። «አማናዬን ሰበርሽብኝ፣ እትዬ» አለች።

«ሰበርኩት። ከአንገትሽ አማናሽን ልምረጥልሽ ነበር?»

በሳምንቱ የሬሳ ሳጥኑ ወደ አገር ሊሄድ ሲል የጭነቱ ሠራተኛ የሟቿን ስም ጠየቀ። ለሰዓዲያና ለፈቲያ ወረቀቱን ዘረጋላቸው፤ ሀጅራ ይላል። ፈቲያ እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀበለች።

«እናቷ ሀጅራ የምትባል ልጅ የላትም» አለችና ሳጥኑ ላይ የክርስትና ስሟን በጉልህ ጻፈች፦ ወለተ ማርያም።